የልጃችን ቅላትና የጋሽ ብዙነህ ጥያቄ

ቧንቧ ያልገባለት ሰፈር አለ። መብራት ሲያሻው የሚመጣበት፣ ሲያሻው የሚሄድበት ሰፈርም አለ። ጠያቂ የሌለበት ሰፈር ግን በምድር ላይ የለም። ሆሳዕናን ከላይ እስከ ታች ብታስሱ፣ ዱራሜ ብትሄዱ፣ ሙዱላ ገበያ ብትገቡ ታገኙታላችሁ። መፈለግም አያስፈልጋችሁም፤ እሱ ራሱ ያገኛችኋል።

ጠያቂን ከአዋቂ ነኝ ባይ ጋር እንዳታምታቱት። አዋቂ ነኝ ባይ ነግሯችሁ ይሄዳል፤ ጠያቂ ጠይቋችሁ ይቀመጣል። አዋቂ ነኝ ባይን "ልክ ነህ" ብሎ መገላገል ይቻላል። ጠያቂን "ልክ ነህ" ብትሉት "በምን አወቅክ?" ይላችኋል፤ ያኔ ምሳችሁ ይቀዘቅዛል።

የእኛ ሰፈር ጠያቂ ክቡር ጋሽ ብዙነህ ናቸው፤ ሊቀ ጠያቂዎች፣ የአካባቢው ጠቅላይ መርማሪ፣ የምክንያት ሁሉ አሳዳጅ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቦኖሻ ሆሳዕና በአይሱዙ እህል ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲል አይሱዙዋን ሸጠው ቤት ዋሉ። እስከዚያ ድረስ ጥያቄያቸውን የሚሰማው ረዳታቸው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁላችን ደረሰን።

ሁለት አባባል አላቸው። የመጀመሪያው "አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቅር አይበልህ" ነው። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው "እሺ፣ ምክንያቱስ?" ነው። ይሄኛው ሲመጣ ሥራ ያለው ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ሥራ የሌለው ደግሞ ሥራ እንዳለው ትዝ ይለዋል።

አንድ ጊዜ የመብራት ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰ ሽቦ ሲቀጥል ጋሽ ብዙነህ ከሥር ቆሙ። "አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቅር አይበልህ። አንተን የሚገድልህ ሽቦ ላይ ወፏ ተቀምጣ ትዘምራለች። ምክንያቱ ምንድነው?" ሰውየው መጀመሪያ ከላይ ሆኖ ለመመለስ ሞከረ። ነፋሱ ድምፁን ሲወስድበት ወረደ። መሬት ላይ በእንጨት ሥዕል እየሣለ አስረዳቸው፤ እሳቸውም ጠየቁ፣ እሱም አስረዳ፣ እኛም እራታችንን በሻማ በላን። ሠራተኛው ሲሄድ ግን ደስ ብሎት ነበር። "በሥራ ዘመኔ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ መቼ ይመጣል ነው የሚሉኝ" አለ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አይቻሉም። ስለ ዮናስ በተሰበከበት እሁድ ከአገልግሎቱ በኋላ መጋቢውን በር ላይ ያዟቸው። "ዓሣው ሆድ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ የለ፣ ጨረቃ የለ። ዮናስ ሦስት ቀን መሆኑን በምን አወቀ?" መጋቢው በጸሎት እንደሚያስቡበት ቃል ገቡ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ በጓሮ በር ነው የሚወጡት።

ፋርማሲ ሲገቡ ደግሞ የራስ ምታት ክኒን ይገዙና አይሄዱም። "የምውጠው ወደ ሆዴ ነው። የሚያመኝ ራሴን ነው። ክኒኑ መንገዱን በምን ያውቃል?" ፋርማሲስቷ "ጋሼ፣ ሰልፍ አለ" ብላ ልታልፋቸው ስትል ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት "እውነት ግን በምን ያውቃል?" አለች። ሰልፉ በሙሉ መድኃኒቱን ረስቶ መልሱን መጠበቅ ጀመረ። የጋሽ ብዙነህ በሽታ ተላላፊ ነው።

እኔ አጥር የምጋራቸው ጎረቤታቸው ነኝ። በዚህ ጋዜጣ ላይ የምጽፈውን ሁሉ ያነቡታል። ሲያነቡ ደስ ይለኛል፤ አንብበው ወደ አጥሩ ሲመጡ ግን በጓዳ በኩል እወጣለሁ። እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዳስበው ያደረገኝ ልጄ ስትወለድ የሆነው ነገር ነው።

ባለቤቴ ሐዳሳ የመጀመሪያ ልጃችንን ሀሴትን ሆስፒታል በሰላም ተገላግላ ቤት ገባን። አማቴ አማ ትርፊት ከሞርሲቶ ቅቤና ቡላ አስጭነው ደረሱና የቤቱን አስተዳደር ተረከቡ። የመጀመሪያው አዋጃቸው መስኮት እንዲዘጋ ሆነ። ሁለተኛው ወፍራሙ መጋረጃ እንዲጋረድ። ብርድ እንዳይመታት፣ ነፋስ እንዳይነካት፣ ክፉ ዓይን እንዳያያት። እኛ አማኞች ነን፣ ጌታ ይጠብቃታል ስላቸው "ይጠብቃታል፣ መጋረጃውም ያግዘዋል" አሉኝ። የአራሷ ክፍል ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የምሽት መልክ ነበረው። አራስ ጠያቂ ሲመጣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ በር ላይ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ አልጋውን በእጁ እየዳበሰ ይቀርባል፣ ከዚያ ልጅቷን ያያል፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ይላል።

"ውይ፣ ቀይ ናት!"

እኔ ጠይም ነኝ። ሐዳሳ ከእኔ ትጠይማለች። ልጃችን ቀይ ሆና መምጣቷ በሁለቱም ወገን እንደ ሎተሪ ተቆጠረ፤ ወዲያው ደግሞ የሎተሪው ባለቤት ማነው የሚል ክርክር ተነሳ። አማ ትርፊት "የእናቴ መልክ ነው፣ ሞርሲቶ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እናቴ ስታልፍ ገበያው ዝም ይል ነበር" አሉ። እናቴ ከሙዱላ ደውላ አክስቷ ቀይ እንደነበሩ፣ ለዚህም ምስክር የሚሆኑ ሰዎች በሕይወት እንዳሉ አሳሰበች። እኔ እንኳን፣ የዘመድ መልክ ቆጥሬ የማላውቀው ሰው፣ መስታወት ፊት ቆሜ ከአንገቴ በታች ያለውን ቆዳዬን ስመለከት ተያዝኩ። ፊቴን ፀሐይ ባያገኘው ኖሮ ቀይ ሳልሆን አልቀርም ነበር ብዬ።

ሁለተኛው ሙገሳ ጨዋነቷ ነበር። ሀሴት አታለቅስም። ትተኛለች። ለጡት ሲቀሰቅሷት አንድ ሁለቴ ሳብ አድርጋ መልሳ ትተኛለች። "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ እናቷን አታስቸግርም" እያሉ አመሰገኑ። ዘጠኝ ልጅ የወለዱ እናት መጥተው፣ ከዘጠኙ አንዱ እንኳን እንደዚህ ዝም ያለ አልነበረም ብለው ቀኑ። እኛም ኮራን። ቀይና ጨዋ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ጋሽ ብዙነህ ብቻቸውን መጡ። በር ላይ ቆሙ፣ ጨለማውን ለመዱ፣ ገብተው ጸለዩ፣ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" አሉ። የቡላ ገንፎ ቀረበላቸው፣ በሉ። ሳህኑን ሲያስቀምጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቅር አይበላችሁ።"

ሁላችንም ቅር ሊለን ተዘጋጀን።

"አባቷ ጠይም ነው። እናቷም ጠይም ናት። ልጅቷ ቀይ ናት ትላላችሁ። ምክንያቱ ምንድነው?"

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እጃቸው አገልግላቸው ላይ እንዳለ ቀረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕግ ፊት እንኳን በጥንቃቄ ነው የሚጠየቀው። ሐዳሳ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። አማ ትርፊት ነጠላቸውን አጠበቁ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ማለቴ አይደለም፣ መጠየቄ ነው።"

"የእኔ እናት ቀይ ነበረች!"

"እሺ። ስትወለድም ቀይ ነበረች?"

"እናቴ ስትወለድ እኔ ነበርኩ?" አማ ትርፊት በንዴት "እርስዎ"ን ጥለው "አንተ" ገቡ። "አንተ ሰውዬ፣ አራስ ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ ልጄን በክስ ልታቆም?"

ጋሽ ብዙነህ ስድብ አይሰማቸውም። አእምሯቸው ጥያቄ ሲይዝ ጆሯቸው ይዘጋል። ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ።

"ለምን አታለቅስም?"

"ጨዋ ናት!" አሉ አማ ትርፊት።

"የእኔ ልጆች፣ የልጅ ልጆቼ፣ ያየሁት ሕፃን ሁሉ ሲርበው ይጮኻል። ይህችኛዋ አይርባትም?" ወደ ሐዳሳ ዞሩ። "በደንብ ትጠባልሽ ይሆን፣ ልጄ?"

ሐዳሳ እስከዚያች ሰዓት ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። "ትጀምርና እንቅልፍ ይወስዳታል። ጡቴ ሞልቶ እያመመኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ቀስቅሼም አልነሳ አለችኝ።" ሰው ሁሉ ልጇን ሲያመሰግንላት እንዴት ብላ ትናገር?

"መጋረጃው ይከፈት" አሉ ጋሽ ብዙነህ።

"ብርድ ሊመታት!"

"መስኮቱ ይዘጋ። መጋረጃውን ነው ያልኩት። ብርሃን ይበርዳል እንዴ?"

አማ ትርፊት መጋረጃው ፊት ቆሙ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ጥሩ ነገር ልጻፍ፤ በዚያ ሳምንት ያደረግኩት ብቸኛ ቁም ነገር ነውና። አማቴን በጎን አልፌ መጋረጃውን ሳብኩት።

የከሰዓት ብርሃን ገባ። ሀሴት ፊቷን ጨመደደች፣ ዓይኗን በትንሹ ገለጥ አደረገች። ጋሽ ብዙነህ መነጽራቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ቀይ ሰው ብዙ አይቻለሁ" አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ። "ቆዳቸው ቢቀላም ዓይናቸው ነጭ ነው። የእሷ የዓይኗ ነጭ ለምን ቢጫ ሆነ?"

ሁላችንም ጎንበስ አልን። ልጄ ቀይ አልነበረችም። እርድ የነካው ጨርቅ ነበር የምትመስለው፤ ፊቷ፣ ደረቷ፣ ሆዷ፣ የእግሯ ጣቶች ሳይቀሩ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን፣ ሁለት ቤተሰብ ሆነን፣ የተጣላነው በበሽታዋ ነበር።

መጀመሪያ የጮኹት አማ ትርፊት ናቸው። "የወፍ በሽታ!" አሉና ተቀመጡ። የእኛ አገር ሰው እንደሚያውቀው ቢጫ የሚያደርግ ሕመም ስሙ ይሄ ነው፤ የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ስትበር ወይ ስትሸናበት የሚይዝ ነው ይባላል። ሞርሲቶ ውስጥ ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣ የታወቀ ሰው አለ፣ አሁን ይደወልለት አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ብትሞቅ ይለቃታል አለች። ሌላዋ ስኳር በውሃ አለች። ጋሽ ብዙነህ መስኮቱን ያያሉ።

"መስኮቱ ከተዘጋ፣ መጋረጃው ከተጋረደ፣ ወፏ በየት ገባች?"

"ወፍ ምን ይሳናታል!" አሉ አማ ትርፊት፣ ግን ድምፃቸው ልብ አልነበረውም።

እኔ በበኩሌ ነገ ጠዋት ፀሐይ እናሙቃትና ካልተሻላት እንሄዳለን የሚል አስታራቂ ሐሳብ አቀረብኩ። እኔ ሁልጊዜ አስታራቂ ሐሳብ አለኝ።

"ነገን የምንጠብቅበት ምክንያት ምንድነው?" አሉኝ።

ባጃጅ ጠራሁ፤ አማ ትርፊትና ጋሽ ብዙነህም አብረውን ተጨናንቀው ገቡ።

በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተቀበለችን ዶክተር ሩቂያ ናት። የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፣ ወጣት፣ ፈጣን፣ ዓይኗ ላይ እንቅልፍ ያለባት። የሀሴትን አፍንጫ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ታየ። ደረቷን፣ ሆዷን፣ ውስጥ እግሯን እንደዚያው እየተጫነች ወረደች፤ በወረደች ቁጥር ፊቷ እየከበደ ሄደ። ደም ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ብዙ አላወራችም። ልጄን አራቁተው፣ ዳይፐር ብቻ አስቀርተው፣ ዓይኗን በትንሽ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኟት።

አማ ትርፊት የልጅ ልጃቸውን ራቁቷን ሲያዩ "ልብሷን መልሱ!" ብለው ጮኹ። ሐዳሳ ግድግዳ ተደገፈች። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እንዲህ ባለው ሰዓት ነው ሊቀ ጠያቂዎች ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

"አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቅር አይበልሽ፣ ዶክተር።"

ልሸሽ ነበር። ዶክተር ሩቂያ ግን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ለካ እሷም እንደ ምሰሶው ሰውዬ ናት፤ የሚጠይቃት ታጣለች።

"ቢጫው ከየት መጣ?"

"ከደሟ። ማህፀን ውስጥ እያለች በራሷ ስለማትተነፍስ ብዙ ቀይ የደም ሴል ያስፈልጋት ነበር። ስትወለድ በሳንባዋ ተነፈሰች፣ ያ ሁሉ አያስፈልግም። ትርፉ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል።"

"እሺ። የማንኛችንም ደም ይፈርሳል?"

"ይፈርሳል። የእኛ ጉበት ያጣራዋል። የእሷ ጉበት ገና ጀማሪ ነው።"

ጋሽ ብዙነህ ፊታቸው በራ። "ማጣሪያው ጠባብ፣ የሚገባው ቆሻሻ ብዙ! ገባኝ። ታዲያ ሕፃን ሁሉ ቢጫ አይሆንም?"

"አብዛኛው ትንሽ ቢጫ ይላል፣ በራሱም ይለቀዋል። የሀሴት በዛ። የእናቷና የእሷ የደም ዓይነት ሳይጣጣም ቀርቶ ደሟ ከሚገባው በላይ እየፈረሰ ይሆናል፤ እያየነው ነው። ደግሞም በደንብ አልጠባችም። ቢሊሩቢን የሚወጣው በሰገራና በሽንት ነው፤ ካልጠባች አይወጣም፣ ካልወጣ ያደክማታል፣ ከደከመች አትጠባም።"

"መብራቱስ? ያደርቀዋል?"

"አያደርቀውም፤ ቅርፁን ይለውጠዋል። በቆዳዋ በኩል ገብቶ ቢሊሩቢኑን ሲያገኘው፣ ጉበቷ ሳያግዝ ሊወጣ ወደሚችል ዓይነት ይቀይረዋል።"

"ሰማያዊ የሆነበት ምክንያት?"

"ቢጫው በደንብ የሚቀበለው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሆነ።"

"ፀሐይም ብርሃን ናት። ለምን አናሞቃትም?"

"ፀሐይን መለካት አልችልም፣ ጋሼ። ያቃጥላታል፣ ወይ ይበርዳታል፣ ከሁሉም በላይ የመታከሚያ ጊዜዋን ይበላል።" ከዚያ ወደ አማ ትርፊት ዘወር ብላ በሀዲይኛ ስለ ሥሩ፣ ስለ ስኳር ውሃው፣ ስለ ሁሉም በለስላሳ ድምፅ ነገረቻቸው፤ ምንም አይሰጣት፣ ከእናቷ ጡት ሌላ ምንም፣ እሱንም ቶሎ ቶሎ። አማ ትርፊት አንዴም ሳይከራከሩ ሰሟት። የመብራቱ ሰማያዊ ፊታቸው ላይ ነበር።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ፍርሃት መካከል ደስ አለኝ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሲመለስ ሐዳሳ ከግድግዳው ትንሽ ትንሽ እየተላቀቀች፣ መጨረሻ ላይ በራሷ እግር ቆመች። የማናውቀው ነገር ነበር የሚያስፈራን። ሽማግሌው እየጠየቁ አንድ በአንድ አሳወቁን።

"እሺ" አሉ ጋሽ ብዙነህ። "ባይታከምስ ኖሮ?"

ዶክተር ሩቂያ ትንሽ አመነታች። "በጣም ሲበዛ ወደ አንጎል ይገባል። መጀመሪያ ሕፃኑ ይደክማል፣ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ጸጥ ይላል። ሰው ጨዋ ነው ይለዋል። ከዚያ ሊሞት ይችላል። ከተረፈ አንዳንዱ ጆሮው አይሰማም። እጅና እግሩ አይታዘዙትም፣ አንገቱ ይጠማዘዝበታል። አእምሮው ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ሁሉ ነገር ይገባዋል፣ መናገር ነው የማይችለው።"

"ምክንያቱስ?" የሚለውን ጠበቅን። ሐዳሳም፣ እኔም፣ አማ ትርፊት እንኳን ጠበቁ። አልመጣም። ጋሽ ብዙነህ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ለምን እንደወጡ ገባኝ። የጋሽ ብዙነህ የመጀመሪያ ልጅ ሰሎሜ ትባላለች፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። አትሰማም። እጇ ወደ ኩባያ ሲሄድ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ አንገቷ ወደ ትከሻዋ ይዞርባታል። በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የሰው ፊት እያነበበች፣ በቀልዱ ከተናጋሪው ቀድማ የምትስቅ ሴት ናት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይወዳታል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደግሞ ምክንያቱን ያውቃል፤ እናቷ ወይዘሮ ውቢት አራስ ሆነው ልጃቸውን ይዘው ሲመሽ ደጅ ወጥተው ነበር፣ የሌሊት ወፍ በላያቸው አለፈች። ይህን ለእኔ የነገረኝ ሰው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ እንደ ሰፈሩ ስም አብሬው ያደግኩት ነገር ነው። ወይዘሮ ውቢት አራስ ቤት የማይሄዱት ለዚህ ነው። ስጦታ ይልካሉ፣ እሳቸው ይቀራሉ።

ሀሴት መብራቱ ሥር በነበረችባቸው ቀናት ጋሽ ብዙነህ በየጠዋቱ መጡ። ክፍሉ ውስጥ አልገቡም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞራሉ። ማንንም አልጠየቁም። በሁለተኛው ቀን በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ ሀሴትን ይዘን ስንገባ ስለ ዩኒፎርሙ ቀለም ምክንያት የጠየቁት ሰው፣ ወደ ጎን ወስዶ "አባባን አሟቸዋል እንዴ?" አለኝ።

የመጨረሻው የደም ምርመራ ውጤት በመጣበት ጠዋት ዶክተር ሩቂያ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሐዳሳ እጄን ያዘችኝ። እኔ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው ሁሉ "እሺ" ማለት ሲማር ያደገ ሰው ነኝ፤ ጋሽ ብዙነህ እንዲጠይቁልኝ ዞር አልኩ። ወለሉን ያያሉ። መልሱን የፈሩበት ጥያቄ አጋጠማቸው።

ስለዚህ እኔ ጠየቅኩ። "ዶክተር፣ ልጄ ትሰማለች? እጇስ? ደህና ትሆናለች?"

"ቢሊሩቢኑ ወርዷል" አለች። "አንጎሏን ሳይነካ የደረሳችሁ ይመስለኛል። መስማቷን በቀጠሮ እናረጋግጣለን፣ እንዳትቀሩ።"

ይህን ስትል ከውስጥ አንዲት ነርስ የብረት ሳህን ከእጇ አመለጣት። ከኳኳታው ኋላ አንድ ልቅሶ ተነሳ፤ የተቆጣ፣ የጎረነነ፣ ሙሉ ኮሪደሩን የሚሞላ። የሀሴት ነበር። ደንግጣ ሁለት እጇን ዘርግታ ትጮኻለች። ጨዋነቷ እዚያ ላይ አበቃ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐዳሳ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሮጠች፣ አማ ትርፊት ተከተሏት። እኔ ዶክተሯን ላመሰግን ቀረሁ።

ጋሽ ብዙነህ ያኔ ተነሱ። ማስጠንቀቂያቸውን አልተናገሩም።

"ዶክተር፣ የእኔም ልጅ ስትወለድ ቀይ ነበረች" አሉ። "ያኔ ቦኖሻ ነበርን፣ ሰው ሁሉ እየመጣ አደነቀልን። እንደዚህችው ጸጥ ያለች ነበረች። አትጠባም ነበር። በኋላ ቅላቱ ለቀቃት፣ እኔ ጠቆረች ብዬ አዘንኩ።" ባርኔጣቸውን ጨበጡት። "ከዚህ ነው?"

ዶክተር ሩቂያ ስለ ሰሎሜ ጥቂት ጠየቀቻቸው፤ ስለ ጆሮዋ፣ ስለ እጇ፣ ሳቋ እንዴት እንደሆነ። "ሳላያት እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ያምጧት" አለች። "ግን የሚነግሩኝ ነገር ሁሉ ይህንኑ ይመስላል። ከሆነም ከደሟና ከጉበቷ ነው። ወፍ አያመጣውም። እናቷ ደጅ ስለወጣች አይመጣም። እናቷ ያደረገችው ምንም ነገር የለም።"

"እኔም ወቅሻታለሁ" አሉ ጋሽ ብዙነህ። "ሰው ሲላት እኔም አንድ ቀን በንዴት ብያታለሁ። 'ባትወጪ ኖሮ' ብያታለሁ። ሁሉን ነገር ምክንያቱ ምንድነው እያልኩ ስጠይቅ ይህን ብቻ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ።" ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ሚስታቸው ደወሉና ለዶክተሯ ሰጧት። "እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንቺ ንገሪልኝ። በሀዲይኛ ንገሪያት፣ እንዳያመልጣት።"

ዶክተር ሩቂያ ነገረቻቸው። ለእኛ የነገረችንን በሙሉ፣ ከደሙ ጀምራ፣ ሳትቸኩል። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሁለት ጊዜ "እማማ?" አለች። ከዚያ የወይዘሮ ውቢት ድምፅ እኔ እስከምሰማው ድረስ ጎልቶ መጣ።

"ይህን ማን ጠየቀሽ?"

"ባለቤትዎ ናቸው የጠየቁኝ።"

"እሱ? አሁን አጠገብሽ አለ?"

"አሉ።"

"ስጪልኝ።"

ጋሽ ብዙነህ ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ ልጄ ወደምታለቅስበት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁላቸው። ወይዘሮ ውቢት ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። እሳቸው በእኔ ቦታ ቢሆኑ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝና ይጠይቁኝ ነበር፤ የምወድላቸውም ይህንኑ ነው።